«ቂያስ» የሚለው ቃል፦ ፍቺው፣ አገባቡ እና በአማርኛ የሚተረጎምበት መንገድ

በመድረሳ የዑሱሉል ፊቅህ ኪታብ የቀራ ሰው «ቂያስ» የሚለውን ቃል ሲሰማ ወዲያውኑ አራት ነገሮች በሐሳቡ ይደረደራሉ፦ አስል፣ ፈርዕ፣ ዒላ እና ሑክም። ይኸው ሰው የመንጢቅ መትን ሲከፍት ያንኑ ቃል ያገኛል፤ ነገር ግን አስልም ፈርዕም በዚያ የሉም። በምትካቸው ሁለት ሙቀዲማዎችና ከእነርሱ የምትወለድ አንዲት ነቲጃ ይጠብቁታል። የሶርፍ ደረሳ ደግሞ «ይህ መስደር ቂያሲይ ነው፣ ያኛው ሰማዒይ ነው» ሲባል ሦስተኛ ነገር ይሰማል። ቃሉ አንድ ነው፤ የሚያሠራው ሥራ ግን እንደየዒልሙ ይለያያል።

እኔ ይህን ልዩነት የተማርኩት በስሕተት ነው። በወጣትነቴ ከመድረሳ ወደ ዩኒቨርሲቲ ስሻገር በመጀመሪያው የሥነ አመክንዮ ፈተና «ሲሎጂዝም» የሚባለውን እንድተነትን ተጠየቅሁ። ቃሉ በዐረብኛ «ቂያስ» መሆኑን አውቅ ስለነበር ደስ ብሎኝ አራቱን ማዕዘናት ከነምሳሌያቸው ጽፌ ሰጠሁ። መምህሩ በኅዳጉ ላይ አንድ የጥያቄ ምልክት ብቻ አድርጎ መለሰልኝ። ያ የጥያቄ ምልክት ዛሬም ድረስ አብሮኝ አለ፤ ይህ ጽሑፍም ለእርሱ የዘገየ መልስ ነው ማለት ይቻላል።

ጉዳዩ ግን የአንድ ተማሪ የፈተና ውጤት ብቻ አይደለም። በመስጂዶቻችን ስለ ቂያስ ሁለት ተጻራሪ ንግግሮች ይሰማሉ። አንደኛው «ቂያስ የኢብሊስ ሥራ ነው» እያለ በሩን ይዘጋል። ሌላው አንድን አዲስ ነገር ከአንድ የታወቀ ሐራም ጋር በመልክ ስላመሳሰለው ብቻ «በቂያስ ሐራም ነው» ብሎ ይፈርዳል። ሁለቱም ተናጋሪዎች በአንድ ቃል ይጠቀማሉ፤ ሁለቱም ቃሉ የሚጠይቀውን ሥራ አልሠሩም። የሚያስተምርና የሚያሰግድ ሰው ቃሉን ከሥሩ ሊያውቀው የሚገባው ለዚህ ነው።

የቃሉ ሥር

«ቃሰ» በዐረብኛ ለካ፣ መጠነ ማለት ነው። ዐረቦች ጨርቅን በክንድ የለካን ሰው «ቃሰ» ይሉታል። «እገሌ ከእገሌ ጋር አይቃስም» ሲሉም አይተካከለውም ማለታቸው ነው። የዑሱል ሊቃውንት እነዚህን ሁለት አጠቃቀሞች ይዘው የቃሉ የቋንቋ ፍቺ መለካትና መተካከል መሆኑን ይናገራሉ። ልብ ሊባል የሚገባው፣ በሁለቱም ውስጥ ቢያንስ ሁለት ነገሮች መኖራቸው ነው፦ የሚለካውና የሚለካበት። ክንድ በሌለበት ጨርቅ አይለካም፤ ጨርቅ በሌለበትም ክንድ ሥራ ፈት ነው።

ከዚሁ ሥር «ሚቅያስ»፣ ማለትም መለኪያ የሚለው ቃል ይወጣል። በካይሮ በረውዳ ደሴት ላይ በ247 ዓመተ ሂጅራ (861) በዐባሲያው ኸሊፋ በአል-ሙተወኪል ዘመን የተሠራው የአባይ ውኃ መለኪያ እስከ ዛሬ «ሚቅያስ» ይባላል። የግብፅ ገበሬ የሚከፍለው ግብር በዚያ ዓምድ ላይ ውኃው በደረሰበት ክንድ ይተመን ነበር። ያ ሙላት በአብዛኛው በክረምት ከእኛ ደጋ የሚወርደው ውኃ ነውና፣ ለኢትዮጵያ ደረሳ የቃሉን ፍቺ ለማስረዳት ከዚህ የቀረበ ምሳሌ አላገኘሁም፦ ዓምዱ የታወቀ ነው፣ ውኃው አዲስ ነው፣ ፍርዱ የሚመጣው ሁለቱ ሲገናኙ ነው።

«ቂያስ» የሚለው ቃል በዚህ ሙያዊ ትርጉሙ በቁርኣን ውስጥ አልመጣም። የቂያስ ደጋፊዎች ግን በሱረቱል ሐሽር በ2ኛው አንቀጽ መጨረሻ ላይ ባለ አእምሮዎች በሌሎች ላይ ከደረሰው እንዲማሩ የታዘዙበትን ቃል «ኢዕቲባር»ን ማስረጃ ያደርጋሉ። ኢዕቲባር ከአንድ ነገር ወደ አቻው መሻገር ነው ይላሉ። ከሐዲስ ደግሞ ለማስተማሪያ የሚሻለኝ አቡ ዳውድ የዘገቡት የዑመር (ረ.ዐ) ታሪክ ነው። ዑመር በጾም ሳሉ ባለቤታቸውን ስመው ተጨንቀው ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጡ። ነቢዩም በጾም ሳለህ አፍህን በውኃ ብትጉመጠመጥስ ምን ይመስልሃል ብለው መልሰው ጠየቋቸው፤ ዑመርም ይህስ ችግር የለውም አሉ። እዚህ ላይ የተሠራውን እንመልከት። መጉመጥመጥ የመጠጣት መግቢያ እንጂ መጠጣት አይደለም፤ መሳምም የግንኙነት መግቢያ እንጂ ግንኙነት አይደለም። መሳምና መጉመጥመጥ በመልክ ምንም አይመሳሰሉም። የሚተካከሉት ጾም ወደሚያፈርሰው ነገር መንገድ ሆነው ሳለ እርሱን ባለመድረሳቸው ነው። ቂያስ የመልክ መመሳሰል አለመሆኑን ለማስረዳት ከዚህ የበለጠ አላውቅም።

የኢብሊስ ክርክር

ከኢብን ሲሪንና ከሐሰን አል-በስሪ የሚተላለፈው፣ መጀመሪያ የቀየሰው ኢብሊስ ነው የሚለው ንግግር አድ-ዳሪሚ ባሰባሰቡት የሐዲስ ኪታብ ይገኛል፤ ስለዚህ ንግግሩ ፈጠራ ነው ማለት አይቻልም። ጥያቄው ምን ማለት ነው የሚለው ነው። ኢብሊስ ለኣደም እንዲሰግድ በግልጽ ታዞ ሳለ፣ እሳትን ከጭቃ ጋር አስተያይቶ እሳት ይበልጣል፣ የሚበልጠውም ለሚያንሰው አይሰግድም አለ። ይህ ቂያስ ሁለት ስብራት አለበት። በመጀመሪያ፣ ትእዛዝ (ነስ) ባለበት ቦታ ነስን ለመቃወም የመጣ ነው፤ ዑሱሊዮች ይህን «ፋሲዱል ኢዕቲባር» ይሉታል። ሁለተኛ፣ እሳት ከጭቃ ይበልጣል የሚለው መነሻው ራሱ ያልተረጋገጠ ነው፤ ሊቃውንት ጭቃ ርጋታና ማብቀል እንዳለው፣ እሳት ደግሞ ጥድፊያና ማጥፋት እንዳለው ጠቅሰው መልሰውለታል። እንግዲህ ሰለፎቹ የነቀፉት ነስን የሚረግጥ ቂያስን ነው እንጂ፣ ነስን ወደ አቻው የሚያደርስን አይደለም። በሚንበር ላይ ንግግሩን የሚጠቅስ ኢማም ይህን ካልጨመረ የአራቱን መዝሀቦች ዑለማእ በአንድ ዐረፍተ ነገር ከኢብሊስ ጋር አሰልፏል ማለት ነው፤ ይህን ያሰበበት ግን አይመስለኝም።

ኢማም አሽ-ሻፊዒይ (በ204 ሂጅራ/820 ያረፉት) «አር-ሪሳላ» በተባለው ኪታባቸው ኢጅቲሃድና ቂያስ የአንድ ነገር ሁለት ስሞች መሆናቸውን ይናገራሉ። የሚያቀርቡትም ምሳሌ የቂብላ ነው፦ ከዕባን የሚያይ ሰው ወደ እርሷ ይዞራል፤ የማያይ ሰው ግን ዝም ብሎ ወደ ፈቀደው አይዞርም፤ በኮከብ፣ በተራራና በነፋስ ምልክት ይፈልጋታል። ቂያስ ምልክት ተከትሎ መፈለግ ነው፤ ምልክት የሌለው ፍለጋ ለእርሳቸው ራስን ደስ ማሰኘት ብቻ ነው።

ጤፍ

ጉዳዩን ወደ እርሻችን እናምጣው። ጤፍ በሐዲስ ውስጥ አልተጠቀሰም። ዑባዳ ኢብኑ ሷሚት ያስተላለፉት በሙስሊም የሚገኘው የሪባ ሐዲስ ስድስት ነገሮችን ይዘረዝራል፦ ወርቅ፣ ብር፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ ተምርና ጨው። ዛሂሪያዎች ሪባ በነዚህ ስድስቱ ላይ ብቻ ይቆማል አሉ፤ ለእነርሱ ጤፍን በጤፍ አበላልጦ መለወጥ የሚከለክለው የለም። ሌሎቹ ዑለማእ ስድስቱ የተጠቀሱት ለምንድን ነው ብለው ጠየቁ። ሻፊዒዮች ከወርቅና ከብር ውጭ ባሉት አራቱ ዒላው ምግብነት ነው አሉ። ማሊኪዮች ምግብነቱ ብቻ አይበቃም፤ ሰው የሚኖርበትና የሚከማች ቀለብ መሆን አለበት አሉ። ሐነፊዮች ደግሞ ዒላው በስፍር ወይም በሚዛን መለካትና የዘር አንድነት ነው አሉ።

ጤፍ በሦስቱም ይያዛል፤ ምግብ ነው፣ የሚከማች ቀለብ ነው፣ የሚሰፈር ነው። ስለዚህ አንድ ኩንታል ማኛ ጤፍን በአንድ ኩንታል ተኩል ቀይ ጤፍ መለወጥ በሦስቱም መንገድ ሪባ ነው፤ ነጭና ቀይ መሆን ዘርን አይለያይምና። መውጫው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለኸይበሩ ተምር ያስተማሩት ነው፦ ዝቅተኛውን በገንዘብ ሸጦ በገንዘቡ ከፍተኛውን መግዛት። የዒላው ልዩነት የሚታየው በሌላ ቦታ ነው። ብርቱካን ለሻፊዒይ ምግብ ስለሆነ የሪባ ዕቃ ነው፤ ለማሊኪይ የሚከማች ቀለብ ስላልሆነ አይደለም። ብረት ለሐነፊይ ስለሚመዘን የሪባ ዕቃ ነው፤ ለሻፊዒይ አይደለም። ነሱ አንድ ሆኖ ሳለ የዒላው አወሳሰን ገበያውን ሲቀይረው ይታያል። በወሎ ሻፊዒይና ሐነፊይ ጎን ለጎን ስለሚኖሩ ይህ ጥያቄ ለእኛ የኪታብ ጨዋታ ብቻ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ የማስተማሪያ ልማድ መንካት እፈልጋለሁ። ለቂያስ ዘወትር የምንሰጠው ምሳሌ ነቢዝ ወይም ጠላ ነው፦ ኸምር ሐራም ነው፣ ዒላው ማስከር ነው፣ ጠላም ያሰክራል፣ ስለዚህ ሐራም ነው። ምሳሌው ዒላን ለማሳየት ቀላል ነው። ሆኖም በሙስሊም ዘገባ የሚያሰክር ሁሉ ኸምር መሆኑን የሚናገር ሐዲስ አለ፤ ይህን ሐዲስ የያዘ ሰው ጠላንና አረቄን በነሱ አጠቃላይነት እንጂ በቂያስ አይከለክልም። ሐነፊዮች በዚህ ላይ የራሳቸው ዝርዝር አላቸው። ደረሳው ይህን ሳያውቅ ካደገ «ጠላ ሐራም የሆነው በቂያስ ነው፣ ቂያስ ደግሞ የኢብሊስ ነው» ከሚል ቀልደኛ ጋር ሲገናኝ መልስ ያጣል።

በመንጢቅ ሰዎች ዘንድ

የግሪክ መጻሕፍት ወደ ዐረብኛ ሲመለሱ አሪስጣጣሊስ ስለ ማስረጃ አደራደር የጻፈው ክፍል «ኪታቡል ቂያስ» በመባል ታወቀ። ኢብን ሲናም «አሽ-ሺፋእ» በተባለው ታላቅ ሥራው ውስጥ አንዱን ክፍል በዚሁ ስም ጠርተውታል። ከዚያ በኋላ የመጡት አጫጭር መትኖች፣ የአል-አብሀሪ «ኢሳጉጂ»ም ሆነ የአል-አኽደሪ «አስ-ሱለም»፣ ቃሉን በዚሁ ትርጉም ይይዙታል፦ ከተነገሩ ነገሮች የተገነባ ንግግር ሆኖ፣ እነርሱን የተቀበለ ሰው ሌላ ንግግር የግድ እንዲቀበል የሚያደርግ። ምሳሌው ቀላል ነው፦ ይህ ብርዝ ቆይቶ የሚያሰክር ሆኗል፤ የሚያሰክር ሁሉ ሐራም ነው፤ ስለዚህ ይህ ብርዝ ሐራም ነው። በሁለቱ ሙቀዲማዎች ውስጥ ተደጋግሞ በነቲጃው ውስጥ የሚጠፋው ቃል፣ ማለትም «የሚያሰክር»፣ «አል-ሐዱል አውሰጥ» ወይም መካከለኛው ይባላል። ፉቀሃእ ቂያስ የሚሉትን ደግሞ የመንጢቅ ሰዎች «ተምሢል» ብለው፣ ከቂያስ ዝቅ አድርገው፣ ግምት ብቻ የሚሰጥ ነው ይላሉ።

ስሙ ለማን ይገባል? ኢማም አል-ገዛሊ (450–505 ሂጅራ/1058–1111) መንጢቅን «አል-ሙስተስፋ» በተባለው የዑሱል ኪታባቸው መግቢያ ያደረጉ፣ ያን መግቢያ ያላወቀ ሰው በዕውቀቱ አይታመንም እስከ ማለት የደረሱ ናቸው። እንዲህ ሆነው ሳለ የሁለት ሙቀዲማዎችን ድርድር «ቂያስ» ማለት ከቋንቋው የራቀ መሆኑን በዚያው ኪታብ ይናገራሉ፤ ቂያስ አንዱ ከሌላው ጋር የሚተካከሉ ሁለት ነገሮችን ይፈልጋልና። በ«አል-ቂስጣስ አል-ሙስተቂም» ደግሞ የመንጢቅን ቅርጾች ከቁርኣን ክርክሮች አውጥተው «ሚዛን» በሚል ስም ይጠሯቸዋል። ኢብን ሐዝም (በ456 ሂጅራ/1064 ያረፉት) በተቃራኒው ይቆማሉ። የፊቅህ ቂያስን ከሥሩ ለመንቀል የጻፉ ዛሂሪይ ሆነው ሳለ መንጢቅን በፊቅህ ምሳሌዎች የሚያስረዳ «አት-ተቅሪብ» የተባለ ኪታብ ጽፈዋል። «ኢብን ሐዝም ቂያስን አይቀበሉም» የሚል ሰው የትኛውን ቂያስ ማለቱ እንደሆነ ካልገለጸ ግማሽ እውነት ነው የተናገረው።

ኢብን ተይሚያ (በ728 ሂጅራ/1328 ያረፉት) መንጢቀኞችን በተቹበት ትልቅ ኪታብ ይህን የስም ክርክር መዝግበው፣ ቃሉ ለሁለቱም በእውነተኛ ፍቺው ይሠራል ከሚሉት ጋር ይሆናሉ። ከስሙም አልፈው ዋናውን ነገር ይነካሉ፦ ፉቀሃእ «ዒላ» የሚሉት መንጢቀኞች «መካከለኛ» ከሚሉት ጋር አንድ ነው። ፈቂሁ ማስከር የክልከላው ዒላ መሆኑን ለማስረዳት የሚያቀርበው ማስረጃ፣ መንጢቀኛው «የሚያሰክር ሁሉ ሐራም ነው» የሚለውን ሙቀዲማ ለማቆም የሚያስፈልገው ማስረጃ ነው። ማስረጃው ከጸና ሁለቱም ይጸናሉ፤ ከደከመ የቅርጹ ማማር መንጢቀኛውን አያድነውም። እንደ እኔ አስተያየት ይህ በጉዳዩ ላይ ከተባለው ሁሉ ለመምህር የሚጠቅመው ነው፤ አንድ ሰው ሌላውን መንጢቃቸውን ባይቀበል እንኳ። ለዚያ የፈተና ወረቀቴም መልሱ ይኸው ነበር፦ አራቱን ማዕዘናት ጽፌ መካከለኛውን ቃል ሳላሳይ ቀረሁ።

መንጢቅን መማር ስለተከለከለበት ክርክር ብዙ አልልም። አል-አኽደሪ ራሳቸው ሦስቱን አስተያየቶች፣ ከነዚህም የኢብኑ ሶላሕንና የአን-ነወዊን ክልከላ፣ በመትናቸው መግቢያ አስቀምጠዋል፤ ኪታቡን የሚያቀራ ሸይኽ ያንን ክፍል ሳይዘል ቢያስተምር ይበቃል።

መመሳሰል ሲያታልል፦ ቡና እና ጫት

በ917 ሂጅራ (1511) በመካ የገበያና የሥርዓት ተቆጣጣሪ የነበረው ኻኢር ቤግ ዑለማእን ሰብስቦ ቡናን አስከለከለ። ቡና በዚያ ዘመን የየመን ሱፊዮች ለሌሊት ዚክር ለመንቃት የሚጠጡት፣ ከእነርሱም ወደ ሒጃዝ የተሻገረ መጠጥ ነበር። ለክልከላው ከተጠቀሱት ውስጥ ሰዎች በሌሊት ተሰብስበው ጽዋ እየተቀባበሉ መጠጣታቸው ይገኝበታል። ሐኪሞችም ቀርበው ለሰውነት ይጎዳል ብለው መሰከሩ። በዚያ ላይ «ቀህዋ» የሚለው ስም በጥንቱ ዐረብኛ ከኸምር ስሞች አንዱ ነበር።

እስቲ እንመዝነው። ስሙ አንድ ነው፣ የአጠጣጡ ሁኔታ ይመሳሰላል፣ ስብሰባው ይመሳሰላል። ዒላው ግን የለም፤ ቡና አእምሮን ያነቃል እንጂ አይሸፍንም። ይህ ዑሱሊዮች «ቂያሱሽ ሸበህ» ከሚሉት፣ በመልክ ላይ ከተመሠረተው ደካማ ቂያስ፣ ወይም ጭራሽ «ቂያስ መዐል ፋሪቅ» ከሚሉት፣ ልዩነቱ እየታየ ከሚደረግ ቂያስ ይመደባል። የጽዋው አቀባበል የሚነቀፍ ከሆነ የሚነቀፈው አቀባበሉ ነው። ከካይሮ የመጣው የሱልጣኑ ትእዛዝም ቡናውን በራሱ አልከለከለም፤ በስብሰባው ላይ የሚደረገውን ያልተገባ ነገር ብቻ እንጂ። ዛሬ በወሎ ቡና ተፈልቶ ዱዓእ በሚደረግበት ቤት የሚቀመጥ ሰው ክርክሩ በየት በኩል እንዳለፈ ያያል።

ጫት ከዚህ ይለያል። ኢብን ሐጀር አል-ሀይተሚ (በ974 ሂጅራ/1567 ያረፉት) ስለ ጫት ለብቻው ሪሳላ ጽፈዋል። ችግራቸው ደንቡ ላይ አልነበረም፤ አእምሮን የሚሸፍን ወይም የሚጎዳ ነገር ሑክሙ የታወቀ ነው። ችግራቸው የቃሚዎቹ ምስክርነት እርስ በርሱ መጋጨቱ ነበር፤ አንዱ ያነቃል ይላል፣ ሌላው ያፈዛል ይላል። ስለዚህ ቁርጥ አድርገው ሐራም አላሉትም፤ መራቁን ግን አጥብቀው መከሩ። ዑሱሊዮች ዒላው በአዲሱ ነገር ውስጥ በእርግጥ መኖሩን ማጣራትን «ተሕቂቁል መናጥ» ይሉታል። ይህ ሥራ ኪታብ በማገላበጥ ብቻ አይፈጸምም፤ ሐኪም ይጠየቃል፣ ቃሚ ይጠየቃል፣ ቤተሰቡም ይጠየቃል። ለቂያስ የሚቸኩል ሰው ብዙ ጊዜ የሚዘለው ይህን ደረጃ ነው።

«ምክንያት» እና «ሰበብ» በአማርኛ

ቂያስን ወደ አማርኛ ስንመልስ የምንጠቀምባቸው ቃላት የየራሳቸው ጣጣ አላቸው። «አመክንዮ» ዛሬ በትምህርት ቤት ለመንጢቅ የተለመደ ስም ሆኗል። ሥሩ ከ«ምክንያት» ጋር አንድ ነው፤ ከዚሁ ሥር ግን «ማመካኘት» ይወጣል፤ ይህም በማይገባው ላይ ማሳበብ ነው። «ሰበብ»ም በዐረብኛ የታወቀ የዑሱል ቃል ሆኖ ሳለ በአማርኛ «ሰበብ ፈለገ» ሲባል ማምለጫ ፈለገ ማለት ሆኗል። ሕዝባችን ምክንያት ከሚያቀርብ ሰው ይልቅ የሚያመካኝ ሰው ስላጋጠመው ይሆን? እንጃ። «አቅል» ግን ከዐረብኛው ጋር ተዛምዶ ክብሩን ጠብቆ አለ፤ «አቅሉን ሳተ» ስንል ሰውየው ትልቅ ነገር አጥቷል ማለታችን ነው።

ዋናው ችግር ሌላ ነው። ዒላንም፣ ሰበብንም፣ ሒክማንም «ምክንያት» ብለን ከተረጎምናቸው ሦስቱ ይደበላለቃሉ። መንገደኛ ሶላት የሚያሳጥረው ለምንድን ነው ተብሎ ሲጠየቅ «በድካሙ ምክንያት» የሚል መልስ ይሰጣል። እንዲህ ከሆነ በአዲስ አበባ ገበያ ቀኑን ሙሉ ኩንታል የሚሸከም ሰው ሊያሳጥር ነው፣ በአውሮፕላን ተደላድሎ ወደ ጅዳ የሚሄደው ደግሞ ሊሞላ ነው። ሑክሙ የተንጠለጠለው በጉዞው ላይ ነው፤ ጉዞው ግልጽና የሚለካ ነውና ዒላ ሆነ። ድካም ሒክማው፣ ማለትም የተፈለገው ጥቅም መነሻ ነው፤ ከሰው ሰው ስለሚለያይ መለኪያ አይሆንም። እኔ በማስተምርበት ጊዜ ዒላን «ፍርዱ የተንጠለጠለበት ምክንያት»፣ ሒክማን «የፍርዱ ጥበብ»፣ ቂያስን ደግሞ ራሱን «ቂያስ» ብዬ እተዋለሁ። ለምእመናን ሲሆን ስሙን ከመጥራት ይልቅ ሥራውን መናገር ይሻላል፦ «ይህ ነገር ስሙ ባይጠቀስም፣ ያ የተከለከለበት ነገር በእርሱም ውስጥ ስላለ ፍርዱ አንድ ነው» ይባላል። ለመንጢቁ «የመንጢቅ ቂያስ» ማለት ይበቃል። «ማመሳሰል» የሚለውን ትርጉም ግን አልደግፍም፤ በኻኢር ቤግ ጉባኤ የተሠራው ማመሳሰል ነበር።

የቆጮ ጥያቄ

ከስልጤ የመጣ አንድ ደረሳ በአንድ ወቅት ያነሣብኝን ጥያቄ ለአንባብያን ላቅርብ። የእንሰት ባለቤት ዘካ አለበት ወይ? በዒድስ ዘካተል ፊጥር ቆጮ ቢሰጥ ይበቃዋል ወይ?

ዘካ ከስንዴ፣ ከገብስ፣ ከተምርና ከዘቢብ በቀር አይወሰድም የሚሉ ዑለማእ ነበሩ፤ ለእነርሱ ጤፍም እንሰትም ነጻ ናቸው። አቡ ሐኒፋ ምድር ያበቀለችውን የሚመለከቱትን ነሶች በጥቅሉ ስለያዙ እንሰት በእርሳቸው መንገድ ያለ ቂያስ ይገባል። ሻፊዒዮች ግን ከፍሬና ከእህል፣ ሰው በፈቃዱ የሚቀለበውንና የሚከማቸውን ይቀይሳሉ። ጤፍ ያለ ችግር ይገባል፤ 5 ወስቅ ወይም 300 ሷዕ ከሞላ ዘካ አለበት። እንሰት ግን የሚበላው ከግንዱና ከሥሩ ተፍቆ፣ ጉድጓድ ውስጥ ተብላልቶ ነው። ቀለብ ነው፤ በጉድጓድም ረጅም ጊዜ ይከማቻል። ነገር ግን እህልም ፍሬም አይደለም።

እንግዲህ ጥያቄው ይጠራል። «እህል ወይም ፍሬ መሆን» የዒላው ክፍል ነው ወይስ በዐረብ ምድር የነበረው ቀለብ በአጋጣሚ እህልና ፍሬ ስለሆነ ብቻ የተጠቀሰ ባሕርይ ነው? ከዒላው የማይገባውን አጣርቶ ማውጣትን «ተንቂሑል መናጥ» ይሉታል። ባሕርዩ ከዒላው ነው ያለ ሰው እንሰትን ያወጣል፤ በመዝሀቡ የፊጥር ዘካ የዑሽር ዘካ ካለበት ቀለብ ስለሚሰጥ ቆጮን ለፊጥር አይቀበልም፤ ስልጤው ጤፍ ወይም ገብስ ገዝቶ ይስጥ ይላል። ባሕርዩ አጋጣሚ ነው ያለ ሰው እንሰትን ከስንዴ ጋር ያስተካክላል። በፊጥር ላይ ደግሞ ኢብን ተይሚያ የአገሩ ሰው ከሚቀለበው ማንኛውም ምግብ ይሰጣል ማለታቸው መንገዱን ያሰፋል።

ለደረሳው በፊጥር በኩል ወደ ሁለተኛው እንደማደላ ነገርኩት፤ የፊጥር ዓላማ ድኻውን በዕለቱ መመገብ ነውና በስልጤ የሚበላው ደግሞ ቆጮ ነው። እርሱም ወዲያው «ሸይኻችን፣ አሁን የነገሩኝ ዒላውን ነው ወይስ ሒክማውን?» አለኝ። ሒክማውን ነበር። ዒላውን በዑሽር ዘካ በኩል ለብቻው መሥራት እንዳለብኝ አምኜ ጥያቄውን ይዤ ወደ ኪታቤ ተመለስኩ።